ረባሽን ስለ ማሰናበት የቀረበ አጭር ውዳሴ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ካሉት ጥበባት ሁሉ፣ በጀት ሳያስፈርም፣ መምህሩንም በሌሊት መጽሐፍ ሳያስገልጥ፣ የተፈለገውን ፍሬ በአንድ ጀንበር የሚያፈራው ረባሽ ተማሪን የማባረር ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ጥበብ እስከ ዛሬ በሚገባ ያመሰገነው ሰው አለመገኘቱ የትውልዱን ውለታ ቢስነት ያሳያል፤ ስለዚህ እኔ ከበደሉ ነጻ ለመሆን ስል የሚከተለውን ውዳሴ በትሕትና አቀርባለሁ።

የቀደሙት የኔታዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህ ምሥጢር አልተገለጠላቸውም ነበርና ከፊደል ገበታ የሚኰበልለውን ልጅ በእግር ብረት እስከ ማሰር ይደርሱ ነበር። ጭካኔአቸውን የሚወድላቸው የለም፣ እኔም አልወድላቸውም፤ ነገር ግን በዚያ ጭካኔ ውስጥ እንኳ ልጁ ባስቸገረ መጠን ወደ ትምህርቱ ይበልጥ መጠጋት አለበት የሚል አንድ የዋህ እምነት እንደ ነበረ መካድ ግፍ ነው። የዘመናችን ሊቃውንት ብረቱን ፈቱለት፤ በዚያም ሳይወሰኑ የቅጥሩን በር ከፍተው ከውጭ አቆሙት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን በደነገገ ጊዜ፣ አርጩሜው ከእጃቸው የወደቀባቸው ሁሉ መጀመሪያ ሳይተክዙ አልቀሩም፤ ኋላ ግን አንቀጹን ደጋግመው ቢመረምሩት ስለ በር የሚናገር አንድም ቃል ስላላገኙበት ተጽናኑ። አገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በ28ኛው አንቀጹ መንግሥታት ልጆች ዘወትር በትምህርት ገበታ ላይ እንዲገኙና አቋራጮችም እንዲቀንሱ ይተጉ ዘንድ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ርእሰ መምህርም ሥራ ይበዛበታል።

የጥበቡ መነሻ ጥቁር ሰሌዳው ነው። መምህሩ በቀረበት ወይም በዘገየበት ሰዓት የክፍሉ አለቃ ጠመኔውን አንሥቶ ከሰሌዳው ጥግ «ረባሾች» ሲል ይጽፍና ከሥሩ ስም ይደረድራል፤ ስሙ የሰፈረው ልጅ ትንፍሽ ባለ ቍጥር አንድ የኤክስ ምልክት ይጨመርለታል፣ የአለቃው ወዳጅ ግን ቢጮህም አይሰማም። ያን ሰዓት ሊያስተምር ይገባው የነበረው መምህር ስሙ ከዚያ ጥግ ተጽፎ ያየ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስታዬ ነው። ጕዳዩ ከሰሌዳው ወደ ስም ጠሪው መምህር፣ ከስም ጠሪው ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ ከዩኒት ሊደሩም ወደ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴው እየተላለፈ ሲያርግ፣ በመካከሉ «ወላጅ አምጣ» የሚባል የሱባዔ ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እናቱ ጕሊቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትመጣና ከቢሮው ደጃፍ እስከ እኩለ ቀን ትቀመጣለች፤ እናቱን የሚፈራው ልጅ ደግሞ ከአስፋልት ዳር በሻይ ዋጋ የተከራየውን አጎት ይዞ ይቀርባል፣ ይህም አጎት የእኅቱን ልጅ ስም ሁለት ጊዜ ሲሳሳት ኮሚቴው በታላቅ ትዕግሥት ያልፈዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የፍርዱ ጥልቀት ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ሰልችቶት አጥር ሲዘል ዘበኛው እጅ ከፍንጅ ያዘው እንበል። ከትምህርቱ 40 ደቂቃ ሊሰርቅ የሞከረው ይህ ወንጀለኛ ምን ይፈረድበታል ቢሉ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት እንዲታገድ! አንዲት እንጀራ ሲሰርቅ የተገኘውን ሌባ መሶቡን አሸክሞ እንደ መስደድ ያለ ቅጣት ነው፤ ሌባውም እያለቀሰ መሄድ እንዳለበት ስለሚያውቅ ከበሩ እስኪያልፍ ድረስ ያለቅሳል። ትናንት እንዳይወጣ እግሩን የጎተተው ዘበኛ ዛሬ እንዳይገባ ደረቱን ይገፋዋል።

እገዳ ለማይበቃው ደግሞ መሸኛ አለ። በዚህ ወረቀት ላይ እውነቱ ቢጻፍ ማንም ስለማይቀበለው፣ በቃለ ጉባኤው የሰይጣን ታናሽ ወንድም የነበረው ልጅ በመሸኛው «ጠባዩ መልካም» ሆኖ ወደ ጎረቤቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሻገራል፤ ያም ትምህርት ቤት ባለውለታ ሆኖ መቅረት ስለማይወድ በዚያው ወር የራሱን መልካም ጠባይ ይልካል። ደመወዙን የሚከፍለው ግምጃ ቤት አንድ፣ ረባሾቹም ያው ሁለት ሲሆኑ፣ ሥነ ሥርዓት መሻሻሉ በሁለቱም ሪፖርት ይጻፋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ 99ኙን በጎች በበረሃ ትቶ አንዱን ሊፈልግ የወጣው እረኛ በዚህ መመዘኛ ቢመዘን እንዴት ያለ ደካማ አስተዳዳሪ ነው! ኮሚቴ መሰብሰብ፣ ቃለ ጉባኤ ማስያዝ፣ በጉም በገዛ ፈቃዱ ከመንጋው ስለ ተለየ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ማድረግ ሲቻለው፣ በትከሻው ተሸክሞ መመለሱ ሳያንሰው ጎረቤት ጠርቶ ደስ ይበላችሁ ማለቱ ከሥራ ደንብ ውጭ ነው።

የመምህሩን ጭንቅ አልስትም። የሁለተኛ ደረጃ መመዘኛው ለአንድ ክፍል 40 ተማሪ ሲል፣ አግዳሚው ላይ ሦስትና አራት ሆነው የተጣበቡ ልጆች ፊት የቆመ ሰው አንዱ ሲያፏጭበት መቈጣቱ ሥጋ ለባሽ በመሆኑ ነው፤ ምላጭ ይዞ ጓደኛውን የሚያስፈራራውንም ለጊዜው ለይቶ ማቆየት የግድ ነው። ነገር ግን መጣበቡን ልጅ በልጅ እያወጡ ማቃለልን የትምህርት ዘዴ ነው ያለን ማን እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ የተሰናበተው ልጅ 14 ዓመቱ ቢሆን፣ ትምህርት ቤቱ አያስገባውም፤ ጋራዡም እንዳይቀጥረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለውን መቅጠር ይከለክላል። የማሰናበቻ ደብዳቤ ግርጌው «ግልባጭ፦ ለወላጅ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት» የሚል ነው። ርእሳነ መምህራኑን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተረካቢው መሥሪያ ቤት ሳያውቀው እንዳይቀር፣ ሦስተኛውን ግልባጭ ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ያድርጉት።