ፒጃማ አይደለም፣ እማዬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከሚኒሶታ ብርድ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በቴሌግራም የላክሁትን ፎቶ አይተሽ «ልጄ ታማ ተኝታ ነው እንዴ? በፒጃማ ሆስፒታል ውስጥ ምን ታደርጋለች?» እያልሽ ስትብሰለሰይ መክረምሽን አቡሽ ነገረኝ። እማዬ፣ ፒጃማ አይደለም። ስክራብ ይባላል፤ የሥራ ልብሴ ነው። አልፈርድብሽም። እጅጌው አጭር፣ አንገቱ ክፍት፣ ጨርቁ ስስ፣ ወገቡ በክር የሚታሰር ነው። መጀመሪያ የሰፋው ሰው ራሱ ከአልጋው የተነሳ አይመስለኝም።

«ብርድ ይመታሻል፣ ከስር ደርቢበት» ያልሽው ግን እውነትሽን ነው። እዚህ ነርሶች ሲገናኙ ከደሞዝ ቀጥሎ የሚያወሩት ስለዚሁ ነው።

የምሠራው ቀዶ ሕክምና ክፍል መሆኑን ታውቂያለሽ። ደንቡ ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን ይላል። ሐኪሞቹ ግን ከስክራቡ በላይ ጋውን ደርበው፣ አጥንት የሚሠሩት ደግሞ ጨረር እንዳያገኛቸው የእርሳስ ሽርጥ ታጥቀው፣ ያ ሁሉ መብራት አናታቸው ላይ እየበራ ስለሚሠሩ ያልባቸዋል። ስለዚህ ገና ከመግባታቸው «ቀዝቀዝ አድርጉት!» ነው።

«20 ዲግሪማ ምን አላት? የደብረ ብርሃን ዘር አይደለሽም እንዴ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ችግሩ ዲግሪው አይደለም፣ ነፋሱ ነው። ጀርም እንዳይከማች ተብሎ ንጹሕ አየር ከጣሪያ እየወረደ የክፍሉ አየር በሰዓት ቢያንስ 20 ጊዜ ይለወጣል። አንቺ ታክሲ ውስጥ መስኮት ለከፈተ ተሳፋሪ «ዝጋው! ልትፈጀን ነው?» የምትይ ሴት፣ ልጅሽ በደንብ የታዘዘ ነፋስ ስር ቆማ ትውላለች። ከሁላችን የሚደላው በሽተኛው ነው። ሙቅ አየር የሚነፋበት ልብስ አልብሰነው ድብን ብሎ ይተኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝና አንዳንዴ ያስቀናኛል።

ታዲያ ሹራብ ልበሺ እንዳትይኝ። ከሐኪሙ ጎን ቆሞ መሣሪያ የሚያቀብል ሰው እስከ ክርኑ ታጥቦ ነው የሚቀርበው፤ ከስር የለበሰው እጅጌ ከስክራቡ እጅጌ ብቅ ማለት የለበትም። ረጅም እጅጌ ጃኬት የሚደርበው ሳይታጠብ በክፍሉ እየተዘዋወረ ዕቃ የሚያመጣው ነርስ ነው። የሱ ተራ ሲደርሰኝ ጾም የተፈታልኝ ያህል ደስ ይለኛል።

አሁን የማይጥምሽን ልንገርሽ። ከስር ለመደረብ ጥጥ አይሆንም። ዕድሜ ልክሽን የፈተልሽው፣ «ለገላ እንደ ጥጥ ያለ የለም» የምትይው ጥጥ! ላቡን ይጠጣና አልለቅም ይላል። አልጋ ገፍተሽ፣ በሽተኛ አሻግረሽ ላብ በላብ ከሆንሽ በኋላ ለሁለትና ሦስት ሰዓት አንድ ቦታ ስትቆሚ፣ የረጠበው ካናቴራ ጀርባሽ ላይ ተለጥፎ ይቀዘቅዛል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን 12 ሰዓት ለብሰሽው ከዋልሽ ሊፍት ውስጥ የሚጠጋሽ አይኖርም። እኔ የምመርጠው የበግ ጠጉር ነው፣ ሜሪኖ የሚባለውን በግ። ስስ ሆኖ ያሞቃል፣ ቢረጥብም ሙቀቱን ቶሎ አይጥልም፣ ሽታም አይዝም።

አዎ፣ የአያቴ ባና! «የባላገር ነው» ብለሽ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የጣልሽው። ልዩነቱ፣ የመንዙ በግ ጠጉር ሻካራ ስለሆነ ገላን ይቆረቁራል፤ የሜሪኖው ጠጉር እጅግ ደቃቅ ነውና ከስር ቢለብሱትም አይታወቅም። ዋጋውን ለመናገር እፈራለሁ፤ አንዱ ካናቴራ 80 ዶላር ነው። ወደ ብር እንዳትመነዝሪው፣ ግፊትሽ ይነሳል።

የካናቴራው ቁመትም ወሳኝ ነው። በሽተኛ ለማዞር ጎንበስ ስትይ የላይኛው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሱሪው ደግሞ ኪሱ የያዘው መቀስ፣ ፕላስተርና እስክሪብቶ እየጎተተው ወደ ታች ይወርዳል፤ መሀል ላይ ተጋልጣ የምትቀረው ልጅሽ ናት። ካናቴራው ረዘም ብሎ ሱሪው ውስጥ የሚገባ ከሆነ ስሜም ወገቤም ይተርፋል።

ከሱሪው ስር ታይት የሚለብሱ አሉ፤ እኔ ትቼዋለሁ። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው መለመን ባለበት ሥራ ማን ሁለት ሱሪ ሲፈታ ይቆያል? ይልቅ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አለኝ። ደም ወደ ታች እንዳይጠራቀም እግርን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቆሞ ለሚውል ሰው መድኃኒት ነው። ጠዋት ማጥለቁ ግን ራሱ ግማሽ ሺፍት ነው።

ጋቢ ልላክልሽ ላልሽው፣ የታካሚ ክፍሎች ያሉበት ፎቅ ላይ ሌሊት ተረኞቹ የራሳቸውን መላ አግኝተዋል። ለታካሚ ከሚሞቀው ብርድ ልብስ አንዱን ያወጡና ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ኮምፒውተር ፊት ይደረደራሉ። ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ንፍሮ ብቻ ነው የጎደላቸው።

እትዬንና ጎረቤቶችን ሰላም በይልኝ። አቡሽም «ቦሌ የምለብሰው ስክራብ ላኪልኝ፣ ፋሽን ሆኗል» ብሏል። እልክለታለሁ፤ ግን ንገሪው፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሱን ነው።

ናፋቂሽ፣ ልጅሽ