ስለ ፕላስቲክ ሣር ክብርና ስለ ፀሐይ ግዴታ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኛ ግቢያችንን የፕላስቲክ ሣር ያለበስን አባወራዎችና እማወራዎች፣ ከሣር የሚፈለገው አረንጓዴነቱ ብቻ መሆኑን ስላመንን፤ ማደጉ፣ ውሃ መጠጣቱና በበጋ መድረቁ የኋላ ቀርነት ምልክት ሆኖ ስላገኘነው፤ ባለሱቁም «እንክብካቤ የሚባል ነገር አይፈልግም» ሲል ስለማለልን፣ የሚከተለውን አውጀናል። ሣሩ እንከን የለበትም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ለሚደርሰው ችግር ሁሉ ተጠያቂዎቹ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ አፈርና ውሻ ይሆናሉ።

አስቀድሞ የፀሐይ ጉዳይ ይታይ። ይህ ምንጣፍ ስም ያወጣው በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ፣ አስትሮዶም በተባለው ባለጣሪያ ስታዲየም ነው። ቀድሞ እዚያ የነበረው እውነተኛ ሣር ነበር፤ ከጣሪያው የሚገባው ነጸብራቅ ኳስ ተጫዋቾችን ቢያስቸግር ጣሪያው ቀለም ተቀባ፣ ሣሩም ብርሃን አጥቶ ሞተ፣ ፕላስቲኩ ተተካ። ፀሐይ ላጣ ሜዳ የመጣውን መፍትሔ እኛ «13 ወር ፀሐይ» እያልን እንግዳ ስንጠራ በኖርንበት አገር ደጃችን ላይ ዘርግተነዋል። ሕያው ሣር ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ እያተነነ ራሱንም አካባቢውንም ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲኩ ሙቀት ከመቀበል ሌላ ሥራ አያውቅም። በ2015 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሴቶች ዓለም ዋንጫ መክፈቻ ቀን በኤድመንተን ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ የተለካው ሙቀት 49 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነበር፤ ያውም በካናዳ! አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የሚደርሳት አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ ጨረሩ ፕላስቲክን ያነጣል፣ ያደርቃል፣ ይሰባብራል። ፋብሪካው መከላከያ ይጨምርበታል የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ መከላከያው ግን ቀኑን ያራዝማል እንጂ አያስቀረውም። በመሆኑም ፀሐይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በግቢያችን ላይ እንዳትወጣ ተከልክላለች። በባዶ እግሩ ሮጦ የተቃጠለ ሕፃን ጫማ ባለማድረጉ ራሱ ይጠየቃል።

አዋጁ አጥብቆ የሚመካበት ነጥብ ውሃ ነው፤ ቀላል ነጥብም አይደለም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመጠጥ ውሃ ሣር ላይ ማፍሰስ ነውር ነው። ነገር ግን ክርክሩ ያለንን ምርጫ ሁለት ብቻ ያስመስለዋል፦ ወይ ዓመቱን ሙሉ ካልጠጣ የሚሞት ሣር፣ ወይ ፕላስቲክ። ሰርዶ በጋውን ደርቆ ይቆይና በመጀመሪያው ዝናብ ይነሣል፤ የጥብስ ቅጠል፣ እሬትና ጤና አዳምም በጥቂት ውሃ ይኖራሉ። ፕላስቲኩ በበኩሉ አቧራው እንዲለቅ ይታጠባል፣ እንዲበርድ ይረጫል፣ የውሻ ሽንት ሲሸትም ደግሞ ይታጠባል፤ ሽንቱን የሚያብላሉት የአፈር ተህዋስያን ከሥሩ የሉማ። ስለሆነም ለዚህ ሁሉ የሚውለው ውሃ እንደ ውሃ እንዳይቆጠር ታዟል።

ጭቃን በተመለከተ አዋጁ አልተሳሳተም፤ ክረምት ላይ ጭቃ የለም። ምንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ግን ለም አፈሩ ተጠርጎ ወጥቶ ጠጠር ይጠቀጠቃል፤ አለዚያም ሊሾ ላይ ይለጠፋል። የሐምሌ ዝናብ መስረጊያ ሲያጣ ወደ ጎረቤት አጥርና ወደ መንገዱ ቱቦ ያመራል፤ ጎረቤትም ይህን እንደ ስጦታ እንዲቀበል ይመከራል። የምድር ትሎች ቦታውን እንዲለቁ ተነግሯቸዋል፤ ካሳ የለም። ትል ለቃሚ ወፎች አቤቱታቸውን ሌላ ግቢ ያቅርቡ። በሬም ሣሩን አይቶ የመታለል መብቱን ተነፍጓል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የምንጣፉ ፍጻሜ ነው። ቃጫው እየተፋቀ ደቃቅ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ከጎርፍ ጋርም ወንዝ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ምርቶች ውስጥ ሆን ተብሎ የሚጨመር ደቃቅ ፕላስቲክን ሲያግድ፣ በሰው ሠራሽ የስፖርት ሜዳዎች ላይ የሚነሰነሰውን የጎማ ፍርፋሪም ጨምሯል፤ ለዚህኛው የ8 ዓመት ፋታ ሰጥቷል። የቤት ግቢ ምንጣፍ ላይ የሚነሰነሰው ብዙ ጊዜ አሸዋ ነው ቢባል፣ ቃጫው ራሱ ያው ፕላስቲክ ነው። በእኛም አገር ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በሕግ ታግዷል፤ አንድ ፌስታል ያንጠለጠለ እንደ ጥፋተኛ ሲታይ፣ ግቢውን በሙሉ በፕላስቲክ የሸፈነ «አሳመርከው!» ይባላል። ቃጫው፣ ጀርባው፣ ማጣበቂያውና አሸዋው ተጣብቀው ስለሚያረጁ ለይቶ መልሶ መጠቀም አስቸጋሪ ነው። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ ተጠርጎ አፈር ይሆናል፤ ይህኛው ግን፣ በኑዛዜ ባይሰፍርም፣ ለልጅ ልጆቻችን እንዲተላለፍ ተወስኗል።

ይህ አዋጅ ምንጣፉ እስኪነጣ ድረስ የጸና ይሆናል። አዋጁን የሚቃረን ማናቸውም ሕግ፣ ልማድ፣ እንዲሁም በመጋጠሚያው ስንጥቅ ሾልኮ የሚበቅል ሰርዶ ተፈጻሚነት አይኖረውም።