ግድግዳ ሲገፋ የዋለ

የእህቴ ልጅ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት የምትሞላበት ሳምንት ነው። እሁድ ቡና ላይ “ፊዚክስ ነው የምሞላው” ስትል፣ ሲኒ የያዘ ሁሉ ሲኒውን አስቀመጠ። የተወረወረባትንና የመለሰችውን እንዳለ ላስፍረው።

የጀመሩት ቡናውን የሚያፈሉት ጎረቤታችን ናቸው። “ልጄ፣ ፊዚክስ እኮ ሥራ የለውም!”

“እትዬ፣ ሥራ ምን እንደሆነ ለክቶ የሚያውቀው ፊዚክስ ነው። ጉልበት በተሄደው ርቀት ሲባዛ ሥራ ይባላል። ግድግዳ ሲገፋ የዋለ ሰው ላቡ ቢንጠፈጠፍም ሥራው ዜሮ ነው። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቁጭ ያለም ያው ነው፤ የፊዚክስም ይሁን የሕግ።”

ኮንትራክተሩ ጎረቤታችን ተቀበሉ። “መንግሥት በነጻ ሲያስተምርሽ እንኳ የሚያበላ መርጠሽ አትማሪም?”

“ነጻ የሚባል የለም ጋሼ። ወጪ መጋራት ፈርሜያለሁ። ከማስተማሪያው ወጪ 15 በመቶው፣ የምግቤና የመኝታዬ ደግሞ ሙሉው ዕዳዬ ነው። ሥራ ስይዝ ከደመወዜ ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈልኩ እወጣዋለሁ።”

“እሱን ነው የምልሽ! ለፊዚክስ ዕዳ ይገባል?”

“አካውንቲንግ ብማርም ዕዳው አይቀርልኝም። ትልቁ ወጪ ዕድሜዬ ነው። እሱን በማልወደው ትምህርት ካቃጠልኩት ማን ይጋራኛል?”

“መጨረሻሽ አስተማሪነት ነው፤ ጠመኔ ልትበዪ!”

“የእርስዎ ልጅ ኢንጂነር የሆነው ጠመኔ የበላ ሰው ስላስተማረው ነው። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው እንኳ አብረዋቸው የታሰሩትን ፊዚክስ አስተምረዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት የሰጣቸው እንዲህ ላለው ሕይወታቸው ነው።”

እዚህ ላይ እኔም አለሁ። ጋሼ የተናገሩት ሐሰት አይደለም፤ የአስተማሪ ደመወዝ የቤት ኪራይ ሲከፈል ያልቃል። ጥፋቱ ግን የደመወዙ ነው፤ ትምህርቱ ምን አደረገ? ጥሩ የፊዚክስ አስተማሪ ያጣ ትምህርት ቤት ኢንጂነርም ሐኪምም አያበቅልም።

“እሺ፣ ሕክምና ምን አለው?” አሉ እትዬ ሁለተኛውን እየቀዱ።

“ሕክምናም እኮ ፊዚክስ ይፈልጋል። ጥቁር አንበሳ ለካንሰር ጨረር ሲሰጥ መጠኑን ሐኪሙ ያዝዛል። ያ መጠን ዕጢው ላይ እንዲያርፍና ጤናማው አካል እንዲተርፍ የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው።” ቀጥላም “ለዚያ ግን ማስተርስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ዲግሪ አልደርስበትም” አለች። ወጪውን ሳትደብቅ መናገሯን ወደድኩላት።

“ሳተላይት ላይ ልትወጪ ይሆናላ!” አለ ታናሽ ወንድሟ።

“የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይትማ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ተተኩሳ ወጥታለች፤ 70 ኪሎ ገደማ ናት። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ቁጭ ብሎ የላከችውን ያነበበው ግን ሰው ነው።”

ይህን ስትል መብራቱ ድርግም አለ፤ ብሬከሩ ወርዷል። ጓዳ ምጣድ ተጥዶ ነበር። ልጅቱ ገብታ ምጣዱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። “3,500 ዋት። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይስባል። እርስዎ ደግሞ ከምድጃው ጋር በአንድ መስመር ሰክተውታል፤ ሶኬቱ ሞቋል፣ ይንኩት።” ምድጃውን ነቅላ ብሬከሩን መለሰች። እንጀራው ሳይበላሽ ወጣ።

እትዬ አልተሸነፉም። “ይህንማ ኤሌክትሪሺያን ያውቀዋል! ለዚህ አራት ዓመት?”

“ትክክል ብለዋል። እሱ እጁን ሥራ አስለምዷል፤ እኔም ማስለመድ አለብኝ። ስለዚህ ክረምት ክረምቱን ኮዲንግና ኤሌክትሮኒክስ እማራለሁ።”

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። “ፊዚሲስት ይፈለጋል” የሚል ጽሑፍ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ሐኪምና አካውንታንት በስማቸው ይጠራሉ፤ የፊዚክስ ምሩቅ የሚጠራው በሚችለው ነው። ስሌቱን የሚያውቅ ልጅ ኮዲንግና ስታቲስቲክስ ከጨመረበት ባንክም ቴሌኮምም ይጠቅማል፤ ኤሌክትሮኒክስ የጨመረበት የሆስፒታል መሣሪያ ይጠግናል። ምንም ያልጨመረበት ግን በወረቀቱ ብቻ ደጅ ሲጠና ይከርማል። ልጃችሁ ፊዚክስ ልሙላ ካለ አትከልክሉት። “ምን ትጨምርበታለህ?” ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው መልስ እስኪያገኝ አብራችሁት ፈልጉ።

በረካው ሲደርስ እትዬ ሲኒውን ለልጅቱ አቀበሏትና እጃቸውን አነሱ። “በይ ይቅናሽ። ብቻ ስትገፊ የሚንቀሳቀስ ነገር ግፊ!”