የቆሎ ተማሪ የመሰከረለት ሰፈር

በደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ ያልሆነ ቤት ለገበያ ቀርቦ አያውቅም። ደላላ ካመናችሁ ነው እንግዲህ። ወደ ውሰታ ወንዝ ቁልቁል ወስዶ፣ በሰው ጓሮ አሳልፎ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ካቆማችሁ በኋላ እንኳ ላቡን እየጠረገ "ጌታው፣ መሀል ከተማ እኮ ነው!" ይላል። መሀሉ በየት በኩል ነው ብትሉት እጁን ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ይዘረጋል። ንጉሡ በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲደፉ፣ ቤተ መንግሥታቸው አንድ ቀን የደላላ ሜትር ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

እኔና ባለቤቴ ከኪራይ እንውጣ ብለን ስንነሳ የያዝናቸው ጥያቄዎች ማንም የሚይዛቸው ናቸው። ስንት ካሬ ነው፣ ካርታ አለው ወይ፣ ውሃ በሳምንት ስንቴ ትመጣለች፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ። ደላላችን ለእነዚህ ሁሉ መልስ ነበረው፤ እንዲያውም ሳንጠይቀው ይመልስ ነበር። አፉን የምታስይዘው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። ባለቤቴ "ጎረቤቱስ እንዴት ያለ ሰው ነው?" ያለች እንደሆነ የሰውየው ስልክ ድንገት ይጠራል።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአገራችን ቤት ገዛሁ የሚል ሰው የገዛው ምኑን ነው? መሬቱን አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው በሐምሌ 1967 ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ዘግቶታል። በሊዝ ከተያዘ ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል፤ ይህ ለእኔ ዕድሜ ከበቂ በላይ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም። ቤቱስ? ቤቱ ጭቃና ባሕር ዛፍ ነው፤ ልጆች ሲያድጉ አፍርሰው በብሎኬት ይሠሩታል። ጎረቤቱ ግን አይፈርስም፣ አይታደስም፣ ካርታው ላይም አልተሣለም። በግ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን እናያለን፣ ወገቡን ጨብጠን እንለካለን፤ ዕድሜ ልካችንን የምንተያየውን ጎረቤት ግን ሳናየው እንገዛለን።

በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ያገኘ ሰው እንኳ ከዚህ አያመልጥም፤ ጎረቤቱን የሚሰጠው ዕጣ ነውና። አንድ ወዳጄ በመሥሪያ ቤቱ ሰላም የማይለውን ሰው ዕጣ ጎኑ ላይ ጣለለት። አሁን በሁለት ቦታ ሰላም አይባባሉም።

ስለዚህ ደላላውን አቆይተን ሰፈሩን ራሳችን እንመርምር ተባባልን። የመጀመሪያው ብልሃት ጊዜ መምረጥ ነው። በጥር ማርቆስ ውስጥ መንገድ የሌለው ሰፈር የለም። ሐምሌ ሲገባ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማችን ጭጋጓን ትለብስና፣ በጥር መንገድ የነበረው ጅረት ሆኖ ይገኛል። ሐምሌ ላይ ደላላው ራሱ "ከዚህ ሆናችሁ እዩት" ይላል።

ሁለተኛው መርማሪ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሲመሽ ወደዚያ ሰፈር ውሰደኝ በሉት። "ኮንትራት ነው" ካላችሁ ሰፈሩ ሩቅ ነው እንጂ ሌላ እንከን የለበትም። "ከድልድዩ ወዲህ አወርዳችኋለሁ" ካለ ምክንያቱን ጠይቁት። "ማን ቤት ነው የምትሄዱት?" ካለ ደግሞ ነዋሪውን ቤት ለቤት ያውቀዋል ማለት ነውና ግቡና አስወሩት።

ስለ ማታ ባጃጅ ሳወራ የድሮ ወግ የማወራ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ሰዓት እላፊ ምን እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል፤ ባጃጅም ከዶሮ ቀድማ የምትገባበትን ምሽት አይተናል። "ሰላም ነው ወይ?" የሚለው ሰላምታችን እውነተኛ ጥያቄ ሆኖ መልስ መጠበቅ ጀመረ። ከዚህኛው ስጋት ሰፈር መርጦ ማምለጥ አይቻልም፤ ተኩስ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። ሰፈርና ሰፈር የሚለየው ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ በዋለ ማግስት ነው። በተከራየንበት ግቢ ያሉ አንዲት እናት እንዲህ ባለ ቀን በራቸውን ገርበብ አድርገው "ዱቄት ያለቀበት አለ?" ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። ባለቤቴ ያን ቀን ነው "ስንት ካሬ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ረድፍ ያወረደችው።

ከመርማሪዎች ሁሉ የሚበልጠው ግን የቆሎ ተማሪ ነው፤ እሱም ኮሚሽን አይጠይቅም። ዋሸራም፣ ጎንጅም፣ ዲማ ጊዮርጊስም የትምህርት አገር ሆነው የኖሩት መምህር ስለነበራቸው ብቻ አይደለም፤ ተማሪውን የሚመግብ ደጃፍም ስለነበራቸው ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ማን ሳያስጮኸው እንደሚሰጥ፣ ማን "እግዜር ይስጥህ" ብሎ በባዶ እንደሚሸኝ፣ ማን ውሻውን እንደሚፈታ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሰፈር ጠባይ በየቀኑ የሚለካበት ሰው ነው።

አብማ ማርያም አጠገብ አንዱን አገኘሁና ዳቦና ሻይ ጋብዤ አስቀመጥኩት።

"ተሜ፣ ቤት ልገዛ ነው። የትኛው ሰፈር ይሻለኛል?"

ተሜ ዳቦውን እስኪውጥ አሰበ።

"የሚሰጥ ሰፈር ነው የሚፈልጉት ወይስ የማይነክስ?"

"ልዩነት አለው?"

"አለው እንጂ ጌታዬ! ላይ ያለው አዲሱ ሰፈር አጥሩ ረጅም ነው፣ በሩም ብረት ነው። ውሻው ታስሯል፣ አይነክስም። ሰዉም አይሰጥም፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አይሰማኝም። ብጮህ ብጮህ የሚመልስልኝ ቴሌቪዥን ነው። እታች ያለው አሮጌው ሰፈር ደግሞ ውሻው ልቅ ነው፤ ሁለቴ ነክሶኛል።" ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ጠባሳውን አሳየኝ። "ግን በነከሰኝ ጊዜ ያልወጣ ሰው የለም። አንዷ ቁስሌን አጠበችልኝ፣ አንዷ የውሻውን ባለቤት ሰደበችልኝ፣ አንዱ በጫንቃው ደግፎ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።"

(የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅምና ጤና ጣቢያ ያደረሰውን ሰው እግዜር ይባርከው።)

"እና የትኛውን ትመክረኛለህ?"

"እኔ ለራት የምሄደው እታች ነው" አለኝና ቀሪውን ዳቦ አኩፋዳው ውስጥ ከተተ።

ከዚያ በኋላ አጥር የማይበት ዓይን ተለወጠ። የአዲሱ ሰፈር አጥር ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ሌባ ግን አንዴ ከዘለለው በኋላ አጥሩ የሚከልለው ባለቤቱን ሳይሆን ሌባውን ነው፤ ከውጭ የሚያየው የለማ! የአሮጌው ሰፈር አጥር የባሕር ዛፍ ርብራብ ስለሆነ በቀዳዳው እንኳን ሌባ የጎረቤት ወጥ ምስር ይሁን ሽሮ ይታያል። ይህ የአሮጌው ሰፈር ጥበቃ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው።

እታች ያገኘነው ቤት ፊት ለፊቱ ጠላ ቤት አለው። ጣሳ በረጅም እንጨት ላይ ተሰክቶ ስታይ ባለቤቴ ፊቷን አጨፈገገች። ሰካራም፣ ዘፈን፣ አጥር ሥር የሚሸና ሰው እያለች ቆጠረች። የተሳሳተችበት ነገር አልነበረም። እኔ በበኩሌ ጠላ ቤት ያለበት ደጅ እስኪመሽ ዓይን አያጣም፣ ከመንግሥት መብራት የጠላ ቤት መብራት ይታመናል ብዬ ተከራከርኩ። (እውነቱን ለመናገር የጠላው ሽታም ከምክንያቶቼ ውስጥ ነበረበት።) ክርክራችን ሳያልቅ ባለ ጠላዋ እትዬ ከደጃቸው ላይ "እኅትዓለም፣ ጓሮው ለጎመን ይሆናል፤ ጎመን ትወጃለሽ አሉ" አሏት። ማን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ባለቤቴ ቤት ስንገባ እንዲህ አለችኝ፦ "እኚህ ሴትዮ ስንጮህ ይሰሙናል። ሳንጮህም ይሰሙናል።"

በዚህ ላይ ሌላ የምጨምረው የለኝም። ሲዘረፍ የሚደርስለት፣ ሲጨቃጨቅ ግን የማይሰማው ጎረቤት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ጎረቤት በማርቆስ የለም። በሌላም ከተማ ተሠርቶ አልወጣም።

የቀረኝ እድሩን መመርመር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩን ጸሐፊ ልመረምራቸው ሄጄ ተመርምሬ ወጣሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው መዝገባቸውን ገለጡ።

"ልጄ፣ እናት አባት በሕይወት አሉ?"

"እናቴ አለች።"

"ዕድሜያቸው?"

ነገርኳቸው።

"ያማቸዋል?"

"እግዜር ይመስገን ደህና ናት።"

"የባለቤትህስ ወገኖች? አጎት፣ አክስት? ሩቅ አገር ናቸው ወይስ እዚሁ?"

የዘመዶቼን ዕድሜ አንድ በአንድ ሲጠይቁኝ ለጤናቸው ተጨንቀው መስሎኝ ልቤ ተነካ። ለካ እሳቸው የሚያሰሉት ድንኳኑን ነው። እኔ ስንት ለቅሶ፣ ስንት ለቀስተኛ ይዤባቸው እንደምመጣ በቃላቸው ደመሩና "መካከለኛ ነህ" አሉኝ። ቀጥለው ድንኳን መትከል እችል እንደሆነ፣ መቃብር ቆፍሬ አውቅ እንደሆነ፣ ከነበርኩበት እድር በምን እንደለቀቅሁ ጠየቁ። ለአዲስ ገቢ መግቢያ ክፍያ አለው፤ ድስቱና አግዳሚው፣ ድንኳኑም ሰፈሩ ለዓመታት አዋጥቶ የገዛው ነውና አዲስ ሰው ድርሻውን ከፍሎ መግባቱ አግባብ ነው። ባንክ ብድር ሲሰጠኝ እንኳ ይህን ያህል አላጠናኝም።

ፈተናውን ሳልፍ ግን የጋሼ ወገን ሆንኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያን ቤት ስንት አሏችሁ?" አሉ። ነገርኳቸው። "ደላላው ጨምሮበታል" አሉና ሻጩ የሚሸጠው ልጆቹ አዲስ አበባ ስለጠሩት እንጂ ሌላ ነገር ኖሮበት እንዳልሆነ፣ ከጓሮ በኩል ካለው ጎረቤት ጋር ግን የወሰን ባሕር ዛፍ ክርክር እንዳለ ነገሩኝ። ዛፉ የጎረቤቱ ነው፤ ቅጠሉ፣ ጥላውና ሥሩ የእኛ ነው። "ውል ሳትዋዋሉ ሽማግሌ ይየው። ከውል በኋላ ክርክሩ ያንተ ነው" አሉኝ። ይህን የመሰለ መረጃ በየትኛው ካርታ ላይ ይገኛል?

ደላላው በዚህ መካከል "ቀብድ ጣሉ፣ ሌላ ገዢ መጥቷል" እያለ ይደውላል። ሌላ ገዢ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጥቶ ውሉን ያፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀብሎ ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውልም በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። ጎረቤቱን ያየው ቀብድ ከጣለ በኋላ ለሆነ ሰው ግን ምንም አይልም።

ሽማግሌዎቹ ባሕር ዛፉ እንዲቆረጥ፣ ግንዱም ለባለ ዛፉ እንዲሆን ፈረዱ። ዋጋው ጋሼ ወዳሉት ቀረብ አለ። ቤቱን ገዛነው። ውሃ በፈቀዳት ቀን ትመጣለች፣ ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈሳል፣ እኔና ባለቤቴም መጨቃጨቅ ስንፈልግ ወደ ጓሮ እንሄዳለን።

እናንተም ቀብድ ከመጣላችሁ በፊት የእድሩን ጸሐፊ ፈልጉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አይጠፉም፤ የዘመዶቻችሁን ዕድሜ አጥንታችሁ ሂዱ።