ስለ ጀንበር ቀረጻ በምትጓዝ መርከብ ላይ፦ አጭር ጥናት

የጀንበር ቀረጻ የሚባለው፣ መንገደኛ በምትጓዝ መርከብ የላይኛው ወለል ላይ ቆሞ፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ ምስሏን በእጅ ስልኩ ለማስቀረት የሚያደርገው ትግል ነው። ድርጊቱ በሁሉም ባሕሮች የታወቀ ቢሆንም፣ ለጥናት እጅግ የሚመቸው በግሪክ አገር በኤጅያን ባሕር ላይ ከሳንቶሪኒ ደሴት ወደ ፒሬየስ ወደብ የሚያመራው መስመር ነው። በዚህ መስመር መርከቧ በጠቅላላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለምታቀና፣ በሰኔና በሐምሌ ጀንበሯ ከፊት ለፊት ጥቂት ወደ ግራ ብላ ትጠልቃለች፤ በቀኝ በኩል የተቀመጡትም ይህን ዘግይተው ሲረዱ የግራዎቹን መጋፋት ይጀምራሉ። ግፊያው የቀረጻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተደርጎ ይቆጠራል።

ከቀደምት የመስኩ ሰዎች ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጉስታቭ ለ ግሬ ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የነበረው የመስታወት ኔጋቲቭ ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስለሚደነግጥ፣ ባሕሩ በወጉ ሲወጣ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበርና፣ ለ ግሬ ለአንዳንድ ሥራዎቹ ሰማዩን ለብቻ፣ ባሕሩን ለብቻ አንሥቶ በአንድ ወረቀት ላይ አጋባቸው። የዛሬው መንገደኛ ይህን የመሰለ ትዕግሥት የለውም፤ ጊዜም የለውም፤ የፀሐይዋ ክብ የታችኛው ጠርዝ ውኃውን ከነካ በኋላ በኤጅያን ባሕር ሙሉ በሙሉ ለመጥለቅ የሚፈጅባት ሦስት ደቂቃ ያህል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የሚቀረጸው ምንድን ነው የሚለው ነው። ከአድማስ (ሰማይና ባሕር የገጠሙ ከሚመስሉበት መስመር) አጠገብ የሚመጣ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ፣ ፀሐይዋን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከፍ አድርጎ ያሳያታል፤ የራሷ ስፋት ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ የታችኛው ጠርዟ ውኃውን የነካ በሚመስልበት ቅጽበት እውነተኛው አካሏ ከሞላ ጎደል ከአድማስ በታች ገብቷል። ብርሃኑም ከእርሷ ከተነሣ ስምንት ደቂቃ አልፎታል። እንግዲህ ክርን ለክርን የሚገፋፋው ሕዝብ የሚሻማው በዚያ ቦታ የሌለችን ፀሐይ ነው ማለት ነው፤ ይህ ግን የግፊያውን ጥራት በምንም አይቀንሰውም።

የመርከቧ ጉዞ ምስሉን ያበላሻል የሚለው የተለመደ አቤቱታ ብዙም አያስኬድም። መርከቧ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ፣ በኤጅያን ባሕር ኬክሮስ ምድር ራሷ በሰዓት 1,340 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትዞር፣ ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሚያበላሸው መወዛወዙ ነው። አምስት ዲግሪ ብቻ ዘንበል ማለት የአሥር ፀሐዮች ስፋት ሲሆን፣ መንገደኛው ስልኩን የሚያስተካክለው ከአድማሱ ጋር ሳይሆን ከፊቱ ካለው የብረት መደገፊያ ጋር በመሆኑ፣ ኤጅያን ባሕር በምስሉ ላይ እንደ ተጋደለ ትሪ ወደ አንድ ወገን ሊፈስ ይቃጣዋል።

ካሜራው በበኩሉ የራሱ ፍልስፍና አለው። የነጭ ሚዛን የሚባለው ስልት ነጭ ነገር በማንኛውም ብርሃን ነጭ መስሎ እንዲታይ ቀለምን የሚያርም በመሆኑ፣ መንገደኛው የተጋፋለትን ቅላት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያደበዝዘው ይችላል። በተለመደው የስልክ ሌንስ ፀሐይዋ ከምስሉ ወርድ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አትሞላም፤ ይህን ያዩ አንዳንዶች ፍላሽ ያበራሉ። የስልክ ፍላሽ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ዘዴ እስካሁን በአጥጋቢ ሁኔታ የበራው ከፊት የቆመው ሰው ማጅራት ነው።

የፀሐይዋ የላይኛው ጠርዝ ሲሰወር ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ለማን እንደሚያጨበጭብ ግን አልተብራራም። ከዚያም ወደ ታች ወርዶ ለቡና ይሰለፋል። የሰማዩ ቅላት ግን ብዙ ጊዜ የሚደምቀው ፀሐይዋ ከገባች ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ቅላቱን ማንሣት የሚሻ ሰው ቦታውን ሳይለቅ ሩብ ሰዓት እንዲታገሥ ይመከራል፤ የሚጋፋውም አይኖርም።