ችግኝ እንደ ሰበብ፦ የሳጃናው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አወቃቀር፣ አመጋገብና ያልተፈታው የውሃ ጥያቄ

ሐበሻ ለሞት እድር፣ ለገንዘብ እቁብ፣ ለጻድቃን ማኅበር፣ ለአጨዳ ደቦ አለው። ሊቃውንት በእነዚህ ሁሉ ላይ ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹም ዶክተር ተብለውበታል። ለችግኝ የሚሰበሰበው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ግን እስከ ዛሬ ሁነኛ አጥኚ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ይሞላል። ጸሐፊው በመስኩ የመጀመሪያው መሆኑን በትሕትና ያሳውቃል፤ ሁለተኛ ይመጣል ብሎም አይሰጋም።

የጥናቱ ስፍራ ካርቱም፣ ሳጃና ነው። ሳጃና በሲሚንቶ፣ በብረት፣ በቀለምና በጣውላ ገበያው የታወቀ ሰፈር ነው፤ ካርቱም ውስጥ ቤት የሠራ ሰው አንድ ቀን እዚያ ቆሞ በሚስማር ዋጋ ሳይከራከር አልቀረም። ጎረቤቱ ዴም ደግሞ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ተሰባስቦ የኖረበት፣ እንጀራ ፍለጋ ብዙ የማያስኬድ ሰፈር ነበር። ጥናቱ የሚመለከተው ጦርነቱ ከተነሣበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ጊዜ ነው። ሐበሻና ሱዳናዊ የተቀላቀሉበትን ይህን ክበብ በስም አንጠራውም። አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷልና ከዚህ ቀጥሎ «ክበቡ» በተባለ ቁጥር አንባቢ የራሱን ሰፈር ክበብ ቢያስብ ጥናቱ አይዛባም።

የክበቡ የዘር ሐረግ በሁለት በኩል የተከበረ ነው። በሱዳን በኩል የሚመዘዘው በ1975 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተው የሱዳን አካባቢ ጥበቃ ማኅበር ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መሬቱ የማን ነው በሚለው ተጠምዳ ነበር፤ መሬቱ ላይ ምን ይተከል የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ነው የደረሰላት። በሐበሻ በኩል ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሚኒ ሚዲያና ከፀረ ኤድስ ክበብ ጎን የምናውቀው የተማሪዎች ክበብ አለ። እዚያ ያደገ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ ቃለ ጉባኤ መያዝና ችግኝ አጠገብ ቆሞ ፎቶ መነሣት። ዳግማዊ ምኒልክ ባሕር ዛፍ ሲያስተክሉ ክበብ አላቋቋሙም። ባሕር ዛፉ ግን እንጦጦን ሸፍኗል፤ ይህንን መረጃ ለጊዜው ወደ ጎን እናቆየው።

አወቃቀሩን በተመለከተ ክበቡ ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሹም፣ ኦዲተር፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አለው። የተራ አባል እጥረት ስላለ አንዳንዱ ሰው በሁለት ወንበር ይቀመጣል። ኦዲተሩ የሚመረምረው ገንዘብ ለጊዜው ባይኖርም መርምሮ ጉድለት አለማግኘቱን በየሩብ ዓመቱ ያቀርባል፤ ይጨበጨብለታል። በመዋቅሩ ውስጥ ስለ ውሃ የሚጠየቅ ሰው የለም። ጉዳዩ በስብሰባ ላይ አንዳንዴ ይነሣል።

«ጋሼ፣ ችግኙን ማን ያጠጣዋል?» ይላል ከወጣቶቹ አንዱ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይያዝልን» ይላሉ ሰብሳቢው።

ይያዛል። በተሰብሳቢዎቹ መካከል ግማሹ «ኢንሻአላህ»፣ ግማሹ «እግዚአብሔር ያውቃል» ሲል ጸሐፊው ሁለቱንም «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብሎ ይመዘግባል። እስካሁን ይህ የምዝገባ ዘዴ ተቃውሞ አላጋጠመውም።

ስብሰባው የሚካሄደው ጎዳና ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ ሻጯ ዘንድ ነው። ሱዳኖች ሲት ሻይ ይሏታል። ከፊቷ ከሰል፣ ጀበና፣ በየብርጭቆው የተደረደረ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ካርካዴ አለ፤ ዙሪያዋን ባንበር የሚሉት ዝቅ ያለ መቀመጫ ተዘርግቷል። ከዘላቢያው ጋር በሚቀርበው ቡና ላይ ክበቡ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሐበሾቹ ዝንጅብል የገባበት ቡና ለሳል የሚጠጣ መድኃኒት ነው ይላሉ፤ ሱዳኖቹ ዝንጅብል የሌለው ቡና ያልተጨረሰ ሥራ ነው ይላሉ። በዚህ ክርክር የተሰጠውን አስተያየት ያህል ስለ በረሃማነት ተሰጥቶ ቢሆን ሰሃራ አሁን ካለበት ወደ ኋላ ባፈገፈገ ነበር የሚል መላ ምት አለ፤ ጥናቱ አላረጋገጠውም።

ከሥራዎቹ ሁሉ ክበቡ የሚኮራው በግንዛቤ ማስጨበጫው ነው። በግንቦት ካርቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ሠራተኛው፣ አህያው፣ የውሃ ጋሪውን የሚጎትተው ሳይቀር ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ በሚሄድበት በዚያ ሰዓት ክበቡ ድምፅ ማጉያ ይዞ ይወጣና የዛፍን ጥቅም ለሕዝቡ ያስረዳል። ሕዝቡም ጥላ ሥር ሆኖ ያዳምጣል። ከመድረኩ ጀርባ የሚሰቀለው ሰንደቅ ፕላስቲክ ነው፤ በሰንደቁ ላይ ፕላስቲክ ይብቃ የሚል ጽሑፍ አለ። ምሳው በፌስታል ይመጣል፤ ፌስታሉም ነፋስ ሲነሣ ከክበቡ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል። (የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ይታወሳል። )

ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ ሽርሽሩ፣ በእነሱ አነጋገር ሪህላው፣ ዓርብ ይደረጋል። መድረሻው ቱቲ ደሴት ወይም የሱንት ጫካ ነው። ፉልና ታሚያ ይበላል፤ ዳንስ ይኖራል። መሐመድ ዋርዲ ሲከፈት ሐበሻው ቃሉን ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ይዘፍናል፤ ጥላሁን ገሠሠ ሲከፈት ሱዳኑ በተራው እንዲያው ያደርጋል። በዚህ ክፍል ጥናቱ እንከን አላገኘም፤ ክበቡ ከተቋቋመበት ዓላማ ሁሉ ሙሉ በሙሉ የተሳካው ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ተከላው። መትከል ቀን አለው፣ ባለሥልጣን አለው፣ ሪቫን አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል፤ ዓለምም ዘግቦታል። በ12 ሰዓት ይህን ያህል ችግኝ ውሃ ጠጣ የሚል ዜና ግን ከየትኛውም አገር ተሰምቶ አያውቅም። ውሃ ማጠጣት ነገም፣ ከነገ ወዲያም ስለሚደገም ለሪቫን አይመችም፤ ፎቶውም የትናንቱን ይመስላል።

በአዲስ አበባ ይህ ጉድለት አይታወቅም። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናትና በሐምሌ የተከለ ሰው ጭቃውን ከጫማው አራግፎ ቤቱ ይገባል፤ ቀሪውን ክረምቱ ያለ አበል ይሠራዋል። ካርቱም ግን በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። የሳጃናው ክበብ ሐበሻ አባላት የአገራቸውን ዘዴ ምንም ሳይቀንሱ ይዘውት መጡ። በሐምሌ ተከሉ፤ ጫማቸውን አራገፉ፤ የሚራገፍ ጭቃ አልነበረም፤ ቤታቸው ገቡ። ሱዳናውያን አባላትም ለእንግዳ ክብር ሲሉ ዝም አሉ። በነሐሴ ፍየሎቹ መጡ። ፍየል በክበቡ መዝገብ ውስጥ አልሰፈረችም እንጂ ተከላ ያመለጣት የለም።

ሆኖም በሰፈሩ ዛፍ አለ፤ ያውም ብዙ። ጥናቱ የቆሙትን ዛፎች ተከትሎ ሲሄድ አንድ ነገር አስተዋለ። ዛፍ ያለው ወይ ዚር ካለበት ነው፣ ወይ ሲት ሻይ ካለችበት። ዚር መንገደኛ እንዲጠጣ ስለ ጽድቅ ደጅ ላይ የሚቀመጥ የሸክላ እንስራ ነው፤ ቀን ከሌሊት ያዛል፤ ያዛው ጠብታ ሥሩ ዘንድ ይደርሳል። ሲት ሻይ ደግሞ ብርጭቆ ያጠበችበትን ውሃ ቀኑን ሙሉ ግንዱ ሥር ትደፋለች። ጥላው ከሄደ ደንበኛው እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ስለ ካርቦን ማንም ሊያስረዳት አልመጣም። የክበቡ አባላት በየሳምንቱ ስለ ውሃ የሚከራከሩት እሷ ያጠጣችው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው። አባል እንድትሆን የጠየቃት የለም፤ መዋጮ አልከፈለችም።

መንግሥትስ? የከተማው ደንብ አስከባሪዎች ለብዙ ዓመታት «ከሻ» በሚሉት አፈሳ ባንበሯንና ጀበናዋን ሲጭኑባት ኖረዋል፤ ጎዳናውን የምታበላሽ ተብላ። እነዚህን ሴቶች በማኅበር ያደራጀችው አወድያ ማሕሙድ ኮኮ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከምትሰጠው የዓለም አቀፍ ጀግኖች ሴቶች ሽልማት አንዱን ተቀብላለች። ሽልማቱ ለመብት ትግሏ ነው። የዛፉ ሒሳብ ገና አልተከፈለም።

ካርቱም መሥራት አትችልም ማለት ግን አይደለም። በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ቤት ሲያፈርስ የከተማዋ ወጣቶች «ነፊር» ብለው ተነሡ፤ ነፊር የእኛ ደቦ ነው። ስልክ ላይ ተቀምጠው ጥሪ ተቀበሉ፣ ምግብና ሸራ አደረሱ፣ ውሃ ጨለፉ። ከዚህ የምንረዳው ሰው ከቤቱ ውሃ ለማስወጣት ወዲያው እንደሚነሣ፣ ወደ ችግኝ ውሃ ለማድረስ ግን ስብሰባ እንደሚጠራ ነው።

ክበቡ ሽርሽር ይሄድበት የነበረው የሱንት ጫካ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ፣ ስደተኛ አእዋፍ የሚያርፉበት የግራር ደን ነበር። የሚያጠጣው ኮሚቴ አልነበረም። በክረምት ዓባይ ከኢትዮጵያ ሞልቶ ሲወርድ ነጩን ዓባይ መጋጠሚያው ላይ ያግደዋል፤ የታገደው ውሃ ጫካው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የጎጃም ዝናብ ለሱንት ደርሶ ለሳጃና አልደረሰም ማለት ነው። በጦርነቱ ዘመን ጋዝ ጠፋ፤ ጫካው ለማገዶና ለሽያጭ ተቆረጠ። የዴምና የሳጃና ሐበሾችም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገር ገብተዋል፤ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው የተሻገሩ አሉ። ሰው በተሰበሰበበት ክበብ መመሥረቱ አይቀርምና የውሳኔ ሐሳቡን ከወዲሁ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በሚቀጥለው ምርጫ ኦዲተሩን በምስጋና አሰናብታችሁ በቦታው ባልዲ ያለው ሰው ምረጡ። ሪፖርት አያቅርብ፤ ቃለ ጉባኤም አይፈርም። አበል አይጠይቅም የሚል ዋስትና ግን ይህ ጥናት አይሰጥም።