መጀመሪያ ፍልፈሉን

አንጋጫ በገባሁ በማግስቱ፣ መንገድ የሚመራኝን ልጅ በየጓሮው ወደቆመው ሰፋፊ ቅጠል እያመለከትኩ «ሙዙ መቼ ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀም። ሌሊቱን ግን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቀበሌውን ዞሯል። ጠዋት ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታውን የሚሰጠኝ ከንፈሩን ነክሶ ነው። ስለ እንሰት ሊያስተምር የመጣ ባለሙያ ከእንሰት ላይ ሙዝ ይጠብቃል!

ምን ላድርግ፣ የጤፍ አገር ልጅ ነኝ። እንሰትን የማውቀው በደብተር ነው። ከተመረቅሁ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ፕሮጀክት ቀጠረኝና ቦርሳዬን አንግቼ ከምባታ ወረድኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው መልእክት አጭር ነው። የእንሰት አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ፤ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፈው አሳወቁት። እንሰትና ሙዝ ያክስት ልጆች ናቸውና በሽታው ሙዝንም አልማረም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ተገኝቶ ስንቱን የሙዝ እርሻ አራቁቷል። (የእኔም «ሙዝ» ያን ያህል የራቀ አልነበረም ለማለት ነው።) በሽታውን ከተክል ተክል ከሚያዛምቱት አንዱ የገዛ ቢላዋችን ነው። ስለዚህ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፤ ቢላዋውን ደግሞ አንዱን ቆርጦ ሌላውን ከመንካት በፊት በእሳት መለብለብ። አለቀ። ይህን ለማስረዳት አንድ ሳምንት አይፈጅም አልኩ።

«እሳቸው ካመኑ አገሩ ያምናል» ተብዬ መጀመሪያ የሄድኩት አንድ አባባ ዘንድ ነው። እሳቸው ካላመኑስ ብዬ አልጠየቅሁም።

አባባ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ከወገባቸው ቢላዋቸውን መዘው አገላብጠው አዩት።

«ቢላዋዬን ጉንፋን ይዞታል ነው የምትለኝ?»

«ጉንፋን አይደለም አባባ። ባክቴሪያ ነው፤ በዓይን አይታይም።»

«ልጄ፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። የማይታይ አምናለሁ። የማይታይ ሆኖ የማምነው ግን አንድ ብቻ ነው።»

ለዚህ መልስ በሥልጠና ሰነዱ ውስጥ የለም። ቢሆንም ወኔ አላጣሁም። ከጓሯቸው ጥግ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የተንጠለጠለ እንሰት አየሁና ግንዱን አጋድሜ ቆረጥኩት። ጥቂት እንደቆየን ከቁርጡ ላይ እንደ ላብ ጠብታ ነጣ ያለ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ብቅ ብቅ አለ። «ይኸው!» አልኩ፣ ዳኛ ፊት ማስረጃ እንዳቀረበ ጠበቃ።

አባባ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ መግል ነው። መግል እንዳለበትማ እኔም አውቃለሁ። ቢላዋዬ ላይ ያለውን ነው አሳየኝ የምልህ።»

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። ቢላዋ እሳት በገባ ቁጥር ስለቱ ይሞታል፤ አዲስ ትገዛልኛለህ? እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ አራት አምስት ዓመት፣ ደጋ ላይ ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ አምስት ዓመት የጠበቅሁትን የልጆቼን ራት ቅበር ነው የምትለኝ? በመጨረሻም ዋናው ጥያቄ መጣ፦

«ለመሆኑ አንተ ስንት እግር እንሰት አለህ?»

የለኝም። ያለኝ ቦርሳ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ባለ ቀለም ፖስተር ይዤ ሄድኩ። በሦስተኛው ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ያላመነ ሰው ሁሉ ያልሰማ ይመስለኝ ነበርና። በአራተኛው አባባ ከሩቅ ሲያዩኝ ወደ ጓሮ ዞሩ።

የዚያን ቀን ማታ ከተማው ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ለአንድ መምህር ብሶቴን አወራሁ። መምህሩ ስኳሩን እያማሰለ ስለ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ነገረኝ። ቦጋለች የዚሁ የከምባታ ልጅ ነበሩ። ውጭ ተምረው ሲመለሱ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሊያወያዩ ቢነሱ፣ ሕዝቡ መጀመሪያ ያነሣላቸው ጉዳይ ድልድይ ሆነ፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ። እሳቸውም «እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው» አላሉም። ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ጆሮ ያገኙት። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ሰዉ ራሱ ቁጭ ብሎ እንዲመክር አደረጉ። መነሻው ላይ ያልተገረዘች ሴት አትገኝም በሚባልበት አገር፣ ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት በአሥር ዓመት ውስጥ ድርጊቱ ከ3 በመቶ በታች መውረዱን ጻፈ።

«የአንተ አባባ ድልድይ ምንድን ነው?» አለኝ መምህሩ።

በውሎ አበሌ ድልድይ አይሠራም። መጠየቅ ግን ገንዘብ አያስከፍልም። ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን ቤት ትቼ ሄድኩ።

«አባባ፣ እንሰትዎን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በትራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። «ፍልፈል!» አሉ፤ ሲሉት ጥርሳቸው ተንቀጠቀጠ። ከሥር እየገዘገዘ የጣለባቸውን እንሰት አንድ በአንድ፣ ከነተተከለበት ዓመት ቆጠሩልኝ። እንደ ሙት ዓመት ዝክር ነበር።

ሦስት ቅዳሜ ፍልፈል አደን ወጣን። መንገዱን ከፍተን፣ ዘንግ ቆልምመን፣ ከጫፉ ወጥመድ አስረን እንጠብቃለን። ፍልፈል ቤቱ ሲከፈትበት አይወድም፤ ሊደፍን ይመጣል። ስንቀመጥ አይመጣም፤ ስንነሣ ደፍኖት እናገኛለን። በመጀመሪያው ቅዳሜ አመለጠን። በሁለተኛው ወጥመዱን ይዞት ሄደ። በሦስተኛው፣ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ከቆፈርን በኋላ ተያዘ። አባባ ከደስታቸው ብዛት ትከሻዬን ሲመቱኝ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ።

ያን ቀን ቤት አስገቡኝ። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ። እማማ ምድጃው ዳር ሆነው፣ ስድስተኛ ክፍል የሚማረውን የልጅ ልጃቸውን በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቁት።

«ይኼ ሰውዬ ፍልፈል አዳኝ ነው ወይ፣ ትላለች» አለኝ ልጁ።

ሥራዬን ነገርኳቸው፤ ልጁ አስተረጎመ። እማማ ከጎናቸው ቢላዋ አነሡና በመደነቅ አዩኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚህ ቤት ቅጠል የሚቆርጡት፣ እንሰት የሚፍቁት እማማ ናቸው። የአባባ ቢላዋ ከወገባቸው የሚወርደው ለእንግዳ ሲታይ ነው። እኔ ከወር በላይ ቢላዋ የማይዘውን ሰው ስለ ቢላዋ ስሰብከው ከርሜአለሁ!

«ጉንፋን የያዘውን ልጅ ኩባያ እንለይ የለም ወይ? ቢላዋውንም መለየት ነው፣ ትላለች» አለ ልጁ። እማማ ቀጠሉ፦ ያረጀው ቢላዋ ለታመመው ይሁን፣ አዲሱ ለጤነኛው፤ ያረጀውን ምድጃው ውስጥ እከተዋለሁ። ስለቱ ይሞታል የሚሉ እንደሆነ፣ እሱ የሚሞት ስለት የለውም።

አባባ ወደ ጣሪያው አዩ።

በማግስቱ ስመለስ ያ ጥጉ ላይ የነበረው የታመመ እንሰት የለም። ፍልፈል ያደንንበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል። «አመኑ እንዴ አባባ?» ብላቸው «ኧረ ተወኝ!» አሉ። «ጉድጓዱ ባዶውን ከሚቀር ብዬ ነው።»

ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት ጻፍኩ። «መልእክቱን የተቀበሉ» ከሚለው ሥር፣ ሴት፦ 1፤ ወንድ፦ 0 (ጉድጓድ የሞሉ፦ 1)። «ያጋጠመ ችግር» በሚለው ላይ «ፍልፈል» አልኩ። አለቃዬ ጠሩኝ።

«አንድ ፍልፈል ለመያዝ ሦስት ቅዳሜ?»

ስለ ድልድዩ፣ ስለ ኩባያው ላስረዳ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«ከዚህ ሪፖርት እርስዎን የሚያሳስብዎ የትኛው ነው?»

ተነፈሱ። «ነዳጁ ነዋ! የሦስት ቅዳሜ ነዳጅ በየትኛው በጀት ላወራርደው ነው?»

«በእግሬ ነው የሄድኩት።»

እስክሪብቷቸውን አነሡና ፈረሙ።